የአባትሽ ሲቲ ስካን ለምን «ኒሞኒያ ነው» ወይ «ቲቢ ነው» ብሎ አልቆረጠም

ሰላም እህቴ፣ በመጀመሪያ አባባን እግዜር ይማርልሽ። ሰው አገር ሆኖ የአባትን ሳል በስልክ መስማት እንዴት እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል።

ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ ልድገመው። አባቷ 67 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ሶስት ሳምንት ሙሉ ሳል አልለቀቃቸውም፣ ማታ ማታ ያልባቸዋል፣ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ተገዝቶላቸው ትንሽ ቀለል ብሏቸው ነበር፣ ከዛ ተመለሰባቸው። የደረት ሲቲ ስካን ተነሱና ሪፖርቱ «የቀኝ ሳንባ የላይኛው ሎብ የኋላ ክፍል ላይ ኮንሶሊዴሽን አለ፣ በዙሪያው ትሪ ኢን በድ፣ በሁለቱም ሳንባ ታችኛው ክፍል ጥቂት ግራውንድ ግላስ፣ ኢንፌክሽን ይመስላል፣ ቲቢ ይጣራ» አለ። ሐኪሙ ደሞ አክታና ደም አዘዘ። ብሩን የምትልከው እሷ ነችና «ይሄ ሁሉ ብር የወጣበት ማሽን ኒሞኒያ ይሁን ቲቢ እንዴት አይለይም? የኒሞኒያ ዓይነቶች ሲቲ ላይ አይለያዩም ወይ? ወይስ ዝም ብለው ምርመራ እያበዙብን ነው?» ብላለች። ሲቲው መደገም አለበት ወይ፣ ኮንትራስት (ምስሉ እንዲጎላ በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ) ለምን አልተሰጣቸውም ብላም ጠይቃለች።

ራዲዮሎጂስት ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የማነበው ይሄንኑ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠውና፣ ሲቲ ጀርሙን አያይም። የሚያየው ሳንባው ለጀርሙ የሰጠውን ምላሽ ነው። ምላሹ አንዳንዴ በጣም ግልፅ ስለሆነ ጀርሙን ስሙን ጠርተን ልንናገር ምንም አይቀረንም፣ አንዳንዴ ደሞ ሶስት አራት በሽታ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይመጣል። የአባትሽ ፊልም መሀል ላይ ነው ያለው፣ ግን ወደ አንዱ ያጋደለ ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሲቲ ስካን ማለት ያው ኤክስሬይ ነው፣ ግን ሰውየውን ዙሪያውን እየዞረ የሚያነሳና ኮምፒውተሩ እንደ ዳቦ እየቆረሰ የሚያሳይ። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር ነው የሰራው፣ የመጀመሪያዋ ታካሚ በፈረንጅ 1971 ለንደን ውስጥ ጭንቅላቷን ተነሳች፣ 1979 ላይ ከአለን ኮርማክ ጋር ኖቤል ተሸለመበት። እስከዛሬ የምንለካው በሱ ስም ነው፣ ውሃ ዜሮ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ጤነኛ ሳንባ ደሞ አብዛኛው አየር ስለሆነ ከዜሮ በታች 800 አካባቢ ይሆናል። ማሽኑ የሚያውቀው እንግዲህ ይሄን ብቻ ነው፣ እዚህ ነጥብ ላይ አየር ምን ያህል አለ፣ ሌላ ነገር ምን ያህል አለ። የአየሩን ቦታ የያዘው መግል ይሁን፣ ደም ይሁን፣ ከልብ ድካም የመጣ ውሃ ይሁን፣ የካንሰር ሴል ይሁን ለማሽኑ ሁሉም ነጭ ነው። ለይቶ የሚያነበው ሰው ነው፣ ሰውየው ደሞ የሚያነበው ከቅርፁ፣ ከቦታው፣ ከጊዜውና ከታማሚው ታሪክ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ያሉትን ቃላት ልፍታልሽ። ሎብ ማለት ሳንባው ከተከፈለባቸው ትልልቅ ክፍሎች አንዱ ነው። ጥሩ ዓይን ያወጣ እንጀራ አስቢ። ሳንባ እንደዛ ነው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ በጣም ትንንሽ ዓይኖች፣ ሁሉም አየር የያዙ። አሁን እንጀራው ላይ ወጥ አፍስሺበትና ዓይኖቹ በሙሉ ሞልተው አንድ ወጥ እስኪሆን ድረስ ይራስ፣ ኮንሶሊዴሽን ማለት ይሄ ነው። አየሩ በሙሉ ወጥቶ ቦታው በፈሳሽና በመግል ተሞልቷል፣ ሲቲው ላይ ድፍን ያለ ነጭ ሆኖ ይታያል። የጥንት ፓቶሎጂስቶች እንዲህ የሆነውን ሳንባ ሲቆርጡት ጉበት ስለመሰላቸው «ጉበት ሆነ» ይሉት ነበር፣ ስጋ ቤት ሳንባና ጉበት ጎን ለጎን ተሰቅሎ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በዛ ነጭ ውስጥ ጥቁር ቅርንጫፍ የሚመስል ነገር ከታየ ኤር ብሮንኮግራም እንለዋለን፣ ቱቦዎቹ ገና አየር ይዘዋል በዙሪያቸው ያለው ሳንባ ግን ሞልቷል ማለት ነው።

ግራውንድ ግላስ ደሞ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ሐምሌ ላይ ጠዋት እንጦጦን ስታይ ጉሙ ወርዶ ዛፎቹ አሉ ግን ደብዘዝ ብለዋል አይደል፣ በቃ እንደዛ ነው፣ ሳንባው ነጣ ብሏል ግን የደም ስሮቹ በጉሙ ውስጥ ይታያሉ። ኮንሶሊዴሽን ከሆነ ጉሙ አይደለም ግድግዳ ነው፣ ስሮቹ አይታዩም። ጉሙ ላይ የቀጫጭን መስመሮች መረብ ከተጨመረበት ክሬዚ ፔቪንግ ይባላል፣ የሰፈራችን ኮብልስቶን በድንጋዮቹ መሀል ያለው መስመር እንደሚታየው ማለት ነው።

ትሪ ኢን በድ የሚባለውን በቅርብ ላሳይሽ፣ ምክንያቱም የአባትሽ ሪፖርት ላይ በጣም የሚያስፈልገን እሱ ነው። ጤነኛ ሳንባ ላይ የመጨረሻዎቹ ትንንሽ የአየር ቱቦዎች ሲቲ ላይ አይታዩም፣ ከአቅሙ በታች ናቸው። መግል ወይ ወፍራም አክታ ሲሞላቸው ግን ድንገት ብቅ ይላሉ። ቀጭን ዘንግ፣ ሹካ ሆና ትከፈላለች፣ ጫፏ ላይ ሁለት ሶስት ሚሊ ሜትር የምታህል ክብ ነጥብ፣ አጠገቧ ሌላ፣ አጠገቧ ሌላ። ፍሬ መያዝ የጀመረ የቡና ቅርንጫፍ ትመስላለች። እኔ ማውሱን ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ወደ ታች ሳንቀሳቅስ እነዛ ነጥቦች በቅርንጫፍ ከተያያዙ በሽታው የሚሄደው በአየር መንገድ ነው እላለሁ፣ ሰውየው የሚያስለው ነገር ከአንዱ የሳንባ ክፍል ወደ ሌላው እየተረጨ ነው። ቅርንጫፍ ሳይኖራቸው በሁሉም ቦታ እኩል ከተበተኑ ግን በደም ነው የመጡት፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንግባ።

ድሮ አያቶቻችን የሳንባ ምች የሚሉት፣ ድንገት ብርድ ብርድ ብሎ አንቀጥቅጦ፣ ትኩሳት፣ ጎን ላይ የሚወጋ ውጋት፣ ዝገት የመሰለ አክታ ይዞ የሚመጣው፣ ብዙውን ጊዜ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። (ምች ሲባል ዳማከሴ ታሽቶ የሚሸተተው ሌላው ምች ጋር እንዳይምታታብሽ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ስንት ቀን ያሳልፋል።) ሲቲ ላይ አንዱን ሎብ ይይዝና ድፍን አድርጎ ያነጣዋል፣ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያቆማል፣ ውስጡ ኤር ብሮንኮግራም። እውነቱን ለመናገር ለዚህኛው ሲቲ አያስፈልግም፣ ስቴቶስኮፕና ተራ የደረት ኤክስሬይ በቂ ነው። ክሌብሲዬላ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ስኳር ያለባቸውንና መጠጥ የሚያበዙትን ይወዳል፣ ሎቡን ከመሙላት አልፎ ያሳብጠዋል፣ በሎቦቹ መሀል ያለው መስመር ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ከዛም ሊበሰብስና መግል ሊቋጥር ይችላል። ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ደሞ አንድ ቦታ አይወሰንም፣ እዚህም እዛም ነጫጭ ጠብታ ያደርጋል፣ ልጆች ላይ በአየር የተነፋ ፊኛ የመሰለ ቀዳዳ ይተዋል፣ በደም ተጉዞ ከመጣ ደሞ ሳንባው ዳር ዳር ላይ ክብ ክብ ሆኖ መሀላቸው የተቦረቦረ ኖዱሎች (ትንንሽ እብጠቶች) ታያለሽ።

ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ የወጣቱ ነው። ተማሪ፣ ዶርም ውስጥ የሚኖር፣ ሳሉ ደረቅ ሆኖ ሁለት ሶስት ሳምንት የሚቆይ፣ እየሰራ እየተማረ የሚታመም። ሲቲው የቱቦዎቹ ግድግዳ መወፈርና በየቦታው የተበታተነ ጉም፣ አንዳንዴም ትሪ ኢን በድ ያሳያል። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደሞ በፈረንጅ 1976 ፊላዴልፊያ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው የነበሩ የቀድሞ ወታደሮችን ከያዘ በኋላ ነው ስሙ የወጣው፣ ምስሉ ጉም መሀል ጥርት ብለው የቆሙ ነጫጭ ቦታዎች ናቸው፣ እና በጣም ይፈጥናል፣ ዛሬ ያየሽው ከሁለት ቀን በኋላ እጥፍ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ቫይረስ ላይ ስንመጣ ሁላችንም ኮቪድ ነው ያስተማረን። እኛ አገር የመጀመሪያው ሰው መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተገኘ በኋላ ባሉት ወራት ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ምስል አነብ ነበር፣ ሁለቱም ሳንባ፣ ወደ ዳርና ወደ ጀርባ ያደላ ጉም፣ ታችኛው ክፍል ላይ የበዛ፣ በሁለተኛው ሳምንት ኮብልስቶኑ ይጨመርበታል ከዛ እየጠነከረ ይሄዳል። ያኔ ሰው ሁሉ ግራውንድ ግላስ ማለት ኮቪድ ማለት ነው ብሎ ያዘው፣ እስከዛሬም ሪፖርታቸው ላይ ቃሉን አይተው ደንግጠው የሚደውሉልኝ አሉ። አደለም። ጉም ኢንፍሉዌንዛም ያመጣዋል፣ የልብ ድካም ያመጣዋል፣ ደም መፍሰስ ያመጣዋል፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጣዋል፣ ሰውየው ትንፋሹን በደንብ ሳይስብ ተነስቶ እንኳን ጀርባው በኩል ትንሽ ጉም ይታያል። የአባትሽም «ጥቂት ግራውንድ ግላስ» በራሱ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አይደለም። ሌላው የኮቪድ ትምህርት ደሞ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሲቲ የተነሱ ብዙ ሰዎች ፊልማቸው ንፁህ መሆኑ ነው። ቶሎ መነሳት ሁሌ ጥሩ አይደለም፣ ሳንባው መልስ ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል።

ሲቲው ራሱ ጮኾ የሚናገርበት ግን አለ። አንድ ወጣት አስታውሳለሁ፣ ሰላሳ ዓመት አካባቢ፣ አንድ ወር ደረቅ ሳል፣ ክሳት፣ ኤክስሬዩ ንፁህ ነው ተብሎ ሁለት ቦታ ተመልሷል። ቁጭ ሲል ምንም አይልም፣ ኮሪደሩን አንዴ ሄዶ ሲመለስ ግን ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ሲቲው ሲከፈት ሁለቱም ሳንባ ከመሀል ተነስቶ በጉም ተሞልቷል፣ ዳሩ ላይ ግን ጠባብ ቀለበት የመሰለ ንፁህ ቦታ ቀርቷል፣ የላይኛው ክፍል ላይ ሶስት አራት ቀጫጭን ግድግዳ ያላቸው ቀዳዳዎች። ውሃ የለም፣ ያበጠ ንፍፊት የለም። ወዲያው ስልክ አንስቼ ለሐኪሙ «ኤች አይ ቪ ተመርምሯል ወይ?» አልኩት፣ አልተመረመረም ነበር። ኒሞሲስቲስ ነው፣ እኛ ፒሲፒ የምንለው ፈንገስ፣ ሲዲ ፎር (ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው የሰውነት መከላከያ ሴል ቁጥር) ከ200 ሲወርድ የሚመጣ። በፈረንጅ 1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣቶች በዚሁ ኒሞኒያ መያዛቸው ሪፖርት ሲደረግ ነው ዓለም ስለ ኤድስ የመጀመሪያውን የሰማው። በኮትሪሞክሳዞል ይታከማል፣ ልጁም ዳነ፣ ግን አንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ስለዚህ ኤክስሬዩ ንፁህ ሆኖ ሰውየው ሲራመድ የሚያለከልክ ከሆነ፣ እዛ ጋ ሲቲ ዋጋው አይቆጠርም።

ፈንገስ ካነሳን አስፐርጊለስ የሚባለው ኬሞ ላይ ያሉ፣ ነጭ የደም ሴላቸው የወደቀባቸውን ነው የሚያጠቃው፣ ክረምት ላይ ጨረቃ ዙሪያዋን ክብ እንደምትሰራው ነጭ ኖዱል ዙሪያውን ጉም ከቦት ይታያል። ያረጀ የቲቢ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ደሞ ኳስ ይሰራል፣ ታማሚው ሲገለበጥ ኳሱም አብሮ ይንከባለላል።

ትንታ፣ ማለትም ምግብ ወይ ከጨጓራ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባ ገብቶ የሚመጣው ኒሞኒያ፣ ስትሮክ ያለባቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ሰክረው የሚተኙ ሰዎች ላይ ነው የሚበዛው። ምልክቱ ቦታው ነው፣ የስበት ጉዳይ። ተኝቶ ከሆነ የገባበት የላይኛው ሎብ የኋላ ክፍልና የታችኛው ሎብ አናት ላይ፣ ቁጭ ብሎ ከሆነ ታች መሰረቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ፣ የቀኙ ቱቦ ቀጥ ያለ ስለሆነ። ልብ በይ፣ የላይኛው ሎብ የኋላ ክፍል አልኩሽ፣ የአባትሽም እዛው ነው። አባባ ሲበሉ ትን ይላቸዋል ወይ? ስትሮክ ነክቷቸው ያውቃል ወይ? ይሄን ስልክ ደውለሽ ጠይቂ፣ ሲቲው የማይመልሰውን አንድ ጥያቄ በነፃ ይመልስልሻል።

አሁን ቲቢ። ከልጅነት ያለፈ፣ በሳንባ ውስጥ ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሲነሳ የሚወደው ሰፈር አለው፣ የላይኛው ሎብ አናትና የኋላ ክፍል፣ እንዲሁም የታችኛው ሎብ የላይኛው ጫፍ። እዛ ኮንሶሊዴሽን ያደርጋል፣ መሀሉን ይበላዋል፣ የተበላው ወደ ቱቦ ተከፍቶ በሳል ሲወጣ ዋሻ ይቀራል፣ የተረጨው ደሞ አጠገቡ ባሉ ትንንሽ ቱቦዎች ትሪ ኢን በድ ሆኖ ይቀመጣል። ዋሻ ያለበት ሰው ጀርሙን በብዛት ስለሚያስል ለቤተሰብ የሚያሰጋው እሱ ነው። በደም ከተሰራጨ ግን ሚሊያሪ ይሆናል፣ ሁለቱም ሳንባ ላይ ዳጉሳ እንደተዘራ፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነጥቦች፣ ከላይ እስከ ታች እኩል፣ ከቅርንጫፍ ጋር ሳይያያዙ። ልጆችና ኤች አይ ቪ ያለባቸው ላይ ደሞ ሳንባው ብዙም ሳይነካ መሀል ደረት ላይ ያሉት ንፍፊቶች አብጠው፣ ኮንትራስት ሲሰጥ ዳራቸው እየበራ መሀላቸው ጠቁሮ ይታያል። ስኳር በተለይ ካልተቆጣጠሩት ቲቢን ይጋብዛል፣ ከመጋበዝም አልፎ የተለመደውን ሰፈሩን ትቶ ታችኛው ሎብ ላይ እንዲመጣ ያደርገዋል፣ እዛ ሲመጣ ሁሉም ተራ ኒሞኒያ ነው ይልና ጊዜ ይጠፋል።

እንግዲህ የአባትሽን ቁራጮች አንድ ላይ አድርጊያቸው። የላይኛው ሎብ የኋላ ክፍል፣ ኮንሶሊዴሽን ከትሪ ኢን በድ ጋር፣ ሶስት ሳምንት፣ ማታ ላብ፣ ስኳር፣ አንቲባዮቲክ ወስዶ ቀለል ብሎ መመለስ፣ የሚኖሩት ደሞ ቲቢ በበዛበት አገር። ያነበበው ሰው «ቲቢ ይጣራ» ማለቱ ሐኪም ፈርቶ የፃፈው አይደለም፣ ልክ ነው፣ እኔም እሱኑ ነበር የምፅፈው። ግን ተራ ባክቴሪያም ትንታም ይህን መልክ ሊይዙ ይችላሉ፣ ስለዚህ በምስሉ ብቻ ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ማስጀመር ትክክል አይደለም። የሚቆርጠው አክታው ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን የቲቢውን ዘረመል ይፈልጋል፣ ማሽኑ ውስጥ ከገባ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ቲቢ መኖር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋናውን መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙንም ይናገራል። የመንግስት ጤና ተቋም ቢሄዱ የቲቢ ምርመራውም ህክምናውም በነፃ ነው፣ ስለዚህ ምርመራ እያበዙብን ነው የሚለው ስጋትሽ እዚህ ላይ ይቅር። አክታው ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ ከጥልቅ ተስሎ የወጣ መሆን አለበት፣ ምራቅ ከሆነ የውሸት ኔጋቲቭ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ውጤቱ እስኪመጣ መስኮት ይከፈት፣ ሲያስሉ አፋቸውን ይሸፍኑ፣ ለብቻቸው የሚተኙበት ክፍል ባይኖር እንኳን ህፃናት ካሉ ከሳቸው ክፍል ይውጡ።

አንድ በጣም የምለምንሽ ነገር፣ ከፋርማሲ የተገዛው አንቲባዮቲክ ስሙ ምን እንደሆነ ፓኬቱን ፎቶ አስነስተሽ ለሐኪሙ አሳዪ። ሌቮፍሎክሳሲን ወይ ሞክሲፍሎክሳሲን ከሆነ እነዚህ ራሳቸው ቲቢ ላይ የሚሰሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ ለተወሰነ ቀን ሲወሰዱ ቲቢውን ሳይገድሉ ያደበዝዙታል፣ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፣ ምርመራውም ይዘገያል። «ትንሽ ቀለል ብሏቸው ተመለሰ» ያልሽው ነገር ያሳሰበኝ ለዛ ነው።

ኢንፌክሽን ሳይሆኑ ኒሞኒያ የሚመስሉ አሉ፣ ይሄንን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። አንዱ ኦርጋናይዚንግ ኒሞኒያ ነው፣ ሳንባ ዳር ዳሩን ይነጣል፣ ከሳምንታት በኋላ ስታዪው ከቦታው ጠፍቶ ሌላ ቦታ ይገኛል፣ አንቲባዮቲክ ቢቀያየርለት አይሰማም፣ በስቴሮይድ ነው የሚመለስ። ሌላው ዕድሜ ልካቸውን የማገዶ ጭስ ውስጥ የጋገሩ እናቶቻችን ላይ የሚታየው ነው፣ ጭሱ ቱቦውን ጥቁር አድርጎ ያጠበዋል፣ በተለይ የቀኙን መካከለኛ ሎብ ይዘጋዋል፣ አንዴ ኒሞኒያ አንዴ ቲቢ አንዴ ካንሰር እየተባሉ ይመላለሳሉ። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፣ ማን ይጠይቃቸዋል ስለ ምድጃው?

ሶስተኛውን ስፅፍ አሁንም ያመኛል። ስድሳ ያለፉ ሰውዬ ነበሩ፣ «የቀኝ ታችኛው ሎብ ኒሞኒያ» ብዬ ፃፍኩላቸው፣ ምስሉም እንደዛ ነበር፣ የቀደመ ፊልም አልመጣም እኔም አልጠየቅኩም። ከወራት በኋላ ልጃቸው በፌስታል የታጨቀ ፊልም ይዛ መጣች፣ ከኔ በፊት ሁለት ቦታ የተነሱት፣ የኔው፣ እና አዲሱ። አራቱንም ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። ሁሉም ላይ ኒሞኒያ ተብሏል፣ ሁሉም ላይ ቦታው አንድ ነው፣ ቅርፁም አንድ ነው። ወደ ቱቦው ስር ወርጄ ሳይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ቱቦውን ዘግታለች፣ ከኋላዋ ያለው ሳንባ ነው በየጊዜው የሚመረዘው። ካንሰር ነበር። እኔ ያነበብኩበት ቀን «የበፊቱን አምጡ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ወራት ይተርፍ ነበር። ከዛ ወዲህ አንድም የደረት ሲቲ «የቀድሞ ፊልም አለ ወይ?» ሳልል አልዘጋም። ስለዚህ የአባባ ፊልም፣ ሲዲውም ወረቀቱም፣ የድሮ ኤክስሬይ ካለ እሱም፣ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የትም ሲሄዱ አብሯቸው ይሂድ።

ስለ ድጋሚ መነሳት ጠይቀሻል። አሁን ወዲያው አያስፈልግም። ሳንባ ከሰውየው ዘግይቶ ነው የሚድነው፣ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ ነጩ ለሳምንታት ይቆያል፣ እድሜ ሲገፋና ስኳር ሲኖር ደሞ የበለጠ ይቆያል፣ በሳምንቱ ደግመው ተነስተው «አልጠፋም» ብለው መድኃኒት የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ህክምናው በሚገባ ከሄደ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተራ የደረት ኤክስሬይ ይበቃል፣ እዛው ቦታ ሳይነቃነቅ ከቀጠለ ያኔ ሲቲ ይደገማል። ጨረሩን ለማወዳደር፣ አንድ የደረት ኤክስሬይ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) አካባቢ ነው፣ የደረት ሲቲ ከ5 እስከ 7፣ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ብቻ በአማካይ የሚያገኘው ደሞ 2.4 ነው። የሚያስፈራ አይደለም፣ ግን ያለ ምክንያት የሚደጋገም ነገርም አይደለም። ኮንትራስት ያልተሰጣቸው ለምንድነው ላልሽው፣ ተራ ኒሞኒያ ለማየት አያስፈልግም፣ መግል የቋጠረ ወይ የሳንባ ደም ስር ላይ የረጋ ደም ከተጠረጠረ ነው የሚሰጠው፣ በተለይ ስኳር ላለባቸው ኩላሊታቸው ሳይታይ ባይሰጥ ይሻላል።

ቤት ያለው ሰው ደሞ እነዚህን ይጠብቅ። ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሲያወሩ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋቡ ወይ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ ደም ካስሉ፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለ እረፍት ላይ ሆነው ከ90 በታች ከወረደ (አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ጤነኛም ሰው ከባህር ዳርቻው ሰው ዝቅ ይላል፣ ግን ከ90 በታች አይወርድም)፣ የአክታ ውጤት አይጠበቅም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ይሂዱ። ስኳራቸውንም በየቀኑ ይለኩ፣ ኢንፌክሽን ሲኖር ይወጣል፣ ሲወጣ ደሞ ኢንፌክሽኑን ይረዳዋል።

ነገ ስትደውዪ እንግዲህ ሶስት ነገር ጠይቂልኝ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ሲበሉ ትን ይላቸው እንደሆነ፣ እና የድሮ ኤክስሬይ ቤት ውስጥ ይኖር እንደሆነ። የጂን ኤክስፐርቱ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ፃፊልኝ፣ ስምና ካርድ ቁጥራቸውን ሸፍነሽ የሲቲውን የላይኛውን ክፍል ምስሎች ብትልኪ ደሞ ዋሻ መኖር አለመኖሩን እኔም ቁጭ ብዬ አይልሻለሁ።